ከደሴና ከኮምቦልቻ ወደ ሳፋሪ፦ ረጅሙን በረራ ሳይደክሙ ስለማቀድ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ደሴ ውስጥ የአውሮፕላን ትኬት በምንቆርጥበት ጠረጴዛ ፊት ሁለት ዓይነት ሰዎች ተቀምጠው ተመሳሳይ ጥያቄ ይጠይቁናል። አንደኛው ከዋሽንግተን፣ ከስቶክሆልም ወይም ከሌላ ሩቅ ከተማ መጥቶ ቤተሰቡን ከጠየቀ በኋላ አንበሳና ዝሆን ለማየት ወደ ኬንያ ወይም ወደ ታንዛኒያ መሻገር የሚፈልግ እንግዳ ነው። ሁለተኛው ይኸው እንግዳ «አብረን እንሂድ» ብሎ የጋበዘው ዘመድ ሲሆን፣ ብዙውን ጊዜ ከዚህ በፊት በአውሮፕላን ተሳፍሮ አያውቅም። ቀጥሎ ያሉት መልሶች ለሁለቱም የተጻፉ ናቸው።

መጀመሪያ ቤተሰብ እንጠይቅ ወይስ መጀመሪያ ሳፋሪ እንሂድ?

የእኛ ምክር መጀመሪያ ቤተሰብ ነው፤ ምክንያቱ ግን ይሉኝታ አይደለም። በዋሽንግተንና በአዲስ አበባ መካከል በአሜሪካ በጋ የ7፣ በክረምታቸው ደግሞ የ8 ሰዓት ልዩነት አለ። ወደ ምሥራቅ የሚበር ሰው ከለመደው ሰዓት ቀድሞ መተኛት ስለሚኖርበት፣ ወደ ምዕራብ ከሚበረው ይልቅ እንቅልፉን ለማስተካከል ይቸገራል። ሰውነት በቀን የአንድ ሰዓት ያህል ልዩነት ያስተካክላል ተብሎ ቢታሰብ፣ እንግዳው ሙሉ በሙሉ ወደ ራሱ የሚመለሰው በሳምንት ገደማ ነው ማለት ነው። ሳፋሪ ላይ ግን መኪናው ከሎጁ፣ ማለትም ከጫካው የእንግዳ ማረፊያ፣ የሚወጣው ንጋት 12 ሰዓት ላይ፣ አዳኝ እንስሳት የሌሊት አደናቸውን ጨርሰው ጥላ ሳይፈልጉ ነው። ያ ሰዓት ለዋሽንግተን ሰው ምሽት 4 ወይም 5 ሰዓት በመሆኑ፣ ሰውነቱ ሊተኛ ሲሰናዳ እርሱ አንበሳ ፍለጋ ይወጣል፤ በዚህ ሁኔታ ላይ ሆነው በመኪናው ውስጥ አንቀላፍተው ያለፉትን እንስሳ ከጓደኛቸው ስልክ ላይ ያዩ ሰዎች ነግረውናል።

ሁለተኛው ምክንያት ሻንጣ ነው። ከአሜሪካ የሚመጣ እንግዳ በአብዛኛው እያንዳንዳቸው 23 ኪሎ የሚመዝኑ ሁለት ሻንጣዎችን በስጦታ ሞልቶ ይመጣል፤ ይህን ሸክም ይዞ በትንሿ የሳፋሪ አውሮፕላን መሳፈር እንደማይቻል ከታች በዝርዝር እንመለስበታለን። ስጦታው ደሴ ላይ ሲራገፍ መንገደኛውም ይቀልለዋል። ከዚህም ሌላ፣ በረራ ቢዘገይ ዘመድ ይጠብቃል፤ ቡናውም እንደገና ይፈላል። አስቀድሞ የተከፈለበት የሎጅ አዳር ግን ካለፈ አለፈ፣ ገንዘቡም በአብዛኛው አይመለስም።

ከአውሮፓ ለሚመጡ ሰዎች የመጀመሪያው ምክንያት እምብዛም አይሠራም፤ ስቶክሆልም ከእኛ ጋር ያላት ልዩነት እንደ ወቅቱ 1 ወይም 2 ሰዓት ብቻ ነውና። የሻንጣው ጉዳይ ግን እነርሱንም ይመለከታል።

ጉዞውን በየትኛው ወር ብናደርገው ይሻላል?

ይህ ምን ማየት እንደሚፈልጉ የሚወሰን ነው። ከአንድ ሚሊዮን በላይ የሚሆኑት ዊልደቢስት የሚባሉት እንስሳት፣ ከሜዳ አህዮች ጋር ተደባልቀው፣ ዓመቱን ሙሉ ዝናቡንና ሣሩን እየተከተሉ በታንዛኒያው ሴሬንጌቲና በኬንያው ማሳይ ማራ መካከል ይዞራሉ። የማራን ወንዝ ሲሻገሩ ማየት የሚፈልግ ሰው ከሐምሌ እስከ ጥቅምት አጋማሽ ባለው ጊዜ ወደ ሰሜኑ ክፍል መሄድ አለበት። ግልገሎቻቸውን ሲወልዱና አዳኞቹ ሲከቧቸው ማየት የሚፈልግ ደግሞ ከጥር እስከ መጋቢት መጀመሪያ ድረስ በደቡብ ሴሬንጌቲ ያገኛቸዋል፤ ለገና ወይም ለጥምቀት ወደ ደሴ የሚመጡ እንግዶች ሳያስቡት የሚገጥማቸው ይህ ሁለተኛው ወቅት ነው። ከመጋቢት አጋማሽ እስከ ግንቦት ያለው ጊዜ በዚያ አካባቢ የረጅሙ ዝናብ ወቅት በመሆኑ ዋጋው ቢቀንስም መንገዱ ይጨቀያል።

ለእኛ ለወሎዎች ሊታሰብበት የሚገባው ሌላ ነገር ይኸውና፦ ማራ ደረቅና ለጉብኝት ምቹ በሚሆንበት በሐምሌና በነሐሴ እኛ ዘንድ ክረምት ነው። በደሴና በኮምቦልቻ መካከል ያለው የሐረጎ ተራራ በጉም ይሸፈናል፣ የኮምቦልቻም በረራ በአየር ጠባይ ምክንያት ሊዘገይ ወይም ሊሰረዝ ይችላል። ስለዚህ በእነዚህ ወራት የሚጓዝ ሰው ከሌላው ጊዜ ይልቅ በአዲስ አበባ የአንድ ሌሊት አዳር መያዝ ይኖርበታል።

ከኮምቦልቻ እስከ ማሳይ ማራ ስንት በረራ አለ? ስንት ሰዓትስ ይፈጃል?

ከኮምቦልቻ አዲስ አበባ በፕሮፔለር አውሮፕላን አንድ ሰዓት ገደማ፣ ከቦሌ ናይሮቢ ሁለት ሰዓት ገደማ፣ ከናይሮቢ ማራ ደግሞ በትንሽ አውሮፕላን ከአንድ ሰዓት ያነሰ ጊዜ ይወስዳል። አየር ላይ የሚያሳልፉት ጊዜ ሲደመር ከደሴ አዲስ አበባ በአውቶቡስ ከሚፈጀው ግማሽ እንኳ አይሞላም። ይሁንና ጉዞው በአንድ ቀን አያልቅም፤ ለመጨረስ የሚሞክሩትም ይጎዳሉ። ለብዙ ዓመታት መንገደኞችን ሸኝተን ስንቀበል ያስተዋልነው፣ ሰው የሚደክመው በበረራው ሳይሆን በበረራዎቹ መገጣጠሚያ ላይ መሆኑን ነው፦ በሩጫ፣ በሰልፍ፣ ሻንጣ በመጠበቅና «ያመልጠኝ ይሆን?» በሚል ጭንቀት።

አስቸጋሪዎቹ መገጣጠሚያዎች ሁለት ናቸው። ናይሮቢ ላይ ከአዲስ አበባ የሚመጣው አውሮፕላን የሚያርፈው በጆሞ ኬንያታ ሲሆን፣ ወደ ማራ የሚሄዱት ትንንሽ አውሮፕላኖች በብዛት የሚነሡት ዊልሰን ከሚባለው ሌላ ኤርፖርት ነው። በሁለቱ መካከል በመኪና መሄድ ግድ ነው፤ የናይሮቢ የመንገድ መጨናነቅ ደግሞ ከሜክሲኮ እስከ ቦሌ በሥራ መውጫ ሰዓት የሄደ ሰው የሚያውቀው ዓይነት ነው። በታንዛኒያ በኩልም እንዲሁ ነው፤ ዓለም አቀፉ በረራ በኪሊማንጃሮ ኤርፖርት ሲያርፍ፣ ወደ ሴሬንጌቲ የሚሄዱት ትንንሽ በረራዎች አብዛኞቹ የሚነሡት 50 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ከሚገኘው ከአሩሻ ትንሽ ኤርፖርት ነው። በሁለቱም አገሮች ምክራችን አንድ ነው፦ በደረሱበት ቀን እዚያው አድረው በማግስቱ ጠዋት ወደ ጫካው ይብረሩ። የአንድ ሌሊት የሆቴል ዋጋ ከቀረ የሳፋሪ በረራ ዋጋ ያንሳል።

ሁሉንም በአንድ ትኬት መግዛት ይሻላል ወይስ ለየብቻ?

የሚቻለውን ያህል በአንድ ትኬት። ከኮምቦልቻ እስከ ናይሮቢ ወይም እስከ ኪሊማንጃሮ በአንድ ትኬት ሲያዝ ሻንጣው በቀጥታ እስከ መጨረሻው ይላካል፤ የመጀመሪያው በረራ ዘግይቶ ሁለተኛው ቢያመልጥም በሚቀጥለው የማሳፈር ግዴታ የአየር መንገዱ ነው። ለየብቻ ከተገዛ ግን ሁለተኛው ትኬት የተጻፈበትን ሰዓት እንጂ የመጀመሪያውን መዘግየት አያውቅም።

እኔ ራሴ ይህን የተማርኩት በኪሴ ነው። በአንድ ነሐሴ ወር ከአዲስ አበባ ናይሮቢ ያለውን በረራ ርካሽ ሆኖ ስላገኘሁት ከሌላ ድርጅት ለብቻው ገዛሁ። በዚያ ቀን ጠዋት በጉም ምክንያት የኮምቦልቻው በረራ ሦስት ሰዓት ዘገየ፤ ቦሌ ስደርስ የናይሮቢው በር ተዘግቶ ነበር፤ ትኬቱም የማይመለስ ዓይነት ስለነበር በዕለቱ ዋጋ አዲስ ገዛሁ። የቆጠብኩት ገንዘብ ከከፈልኩት ሩቡን አይሆንም። ትኬት ሻጭ ሆኜ ይህን መናገር ደስ ባይለኝም፣ ለደንበኛ መካሪ ሊሆን ይችላል።

ትንሿ የሳፋሪ በረራ በአብዛኛው ከዚህ አንድ ትኬት ውጭ ናት። ለዚህ ነው ከላይ በመካከል አዳር ይኑር ያልነው።

ትኬቱ ላይ ያለው ሰዓትና ቀን ከእኛ አቆጣጠር ጋር እንዴት ይነበባል?

በረራ ካመለጣቸው ሰዎች ውስጥ ቀላል የማይባሉት ያመለጣቸው በመንገድ መዝጋት ሳይሆን ሰዓት በማሳሳት ነው። ትኬት ላይ የሚጻፈው ሰዓት ከእኩለ ሌሊት የሚነሣና እስከ 24 የሚቆጠር ነው። 08:30 ብሎ የተጻፈው ጠዋት 2 ሰዓት ተኩል ነው፤ 14:00 ከቀኑ 8 ሰዓት ነው፤ 22:15 ደግሞ ከምሽቱ 4 ሰዓት ከሩብ ነው። ስልክ ላይ የአገራችንን ሰዓት የሚጠቀሙ እናቶችና አባቶች ትኬቱን ሲያነቡ 08:30ን «8 ሰዓት ተኩል» ብለው ይዘውት ከሰዓት በኋላ ኤርፖርት የደረሱበት ጊዜ አለ።

ከዚህ የባሰው የሌሊቱ በረራ ነው። ትኬቱ «ማክሰኞ 00:40» ሲል በእኛ አነጋገር ሌሊት 6 ሰዓት ከ40፣ ለማክሰኞ አጥቢያ ማለት ነው፤ መንገደኛው ኤርፖርት መገኘት ያለበት ሰኞ ማታ ነው። ማክሰኞ ቀኑን ሙሉ ዕቃ ሲያሰናዳ ውሎ ማታ ቦሌ የሚደርስ ሰው አውሮፕላኑ ከሄደ አንድ ሙሉ ቀን ሊሆነው ነው። ስለዚህ ለቤተሰብ ስንናገር ቀኑን ብቻ ሳይሆን «ለእገሌ ቀን አጥቢያ» ብለን እንነግራለን፤ በወረቀትም ላይ በኢትዮጵያ ቀንና ሰዓት ጽፈን እንሰጣለን። ቀኑም በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፈ መሆኑን፣ በተለይ ጷጉሜን በመካከል ሲገባ፣ ደግሞ ማየት ያስፈልጋል። ደስ የሚለው ኬንያና ታንዛኒያ ከእኛ ጋር አንድ ሰዓት ስለሚጠቀሙ እዚያ ሲደርሱ ሰዓት ማስተካከል አያስፈልግም፤ ስዋሂሊ ተናጋሪዎችም እንደ እኛ ከንጋት ጀምረው ስለሚቆጥሩ ሾፌሩ በስዋሂሊ «ሰዓት ሦስት» ቢል የእኛው ጠዋት 3 ሰዓት ነው።

ከኮምቦልቻ በረራ ካልተገኘ በመኪና ብንሄድስ?

ከደሴ አዲስ አበባ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲሆን በከሚሴ፣ በሸዋ ሮቢትና በደብረ ሲና በኩል ቀኑን ሙሉ የሚፈጅ ነው። የመንገዱን ሁኔታ ከመነሣት በፊት በዚያው ሰሞን ከሄደ ሰው ማጣራት፣ ከበረራው አንድ ቀን ቀድሞ መግባትና አዲስ አበባ ማደር ያስፈልጋል። ጠዋት ከደሴ ተነሥቶ ማታ ከቦሌ መብረር ይቻላል የሚሉ አሉ፤ እኛ ግን ለማንም አንመክርም።

እናቴ 72 ዓመታቸው ነው፤ ግፊትም አለባቸው። አውሮፕላን ውስጥ አየር አያጥራቸውም?

ይህ ከሁሉም በላይ የሚጠየቀን ነው፤ መልሱም ለደሴ ሰው የሚያስደንቅ ነው። አውሮፕላን ከ10 ሺህ ሜትር በላይ ቢበርም በውስጡ ያለው አየር በግፊት ስለሚጠበቅ፣ ተሳፋሪው የሚተነፍሰው ከባሕር ወለል ከ1,800 እስከ 2,400 ሜትር ከፍታ ላይ ያለውን የመሰለ አየር ነው። እንደ ድሪምላይነርና ኤርባስ 350 ባሉት አዳዲስ አውሮፕላኖች ውስጥ ከ1,800 ሜትር ገደማ አይበልጥም፤ ይህም የኮምቦልቻ ከፍታ ማለት ነው። ደሴ ግን ወደ 2,500 ሜትር ላይ ናት። እንግዲህ ደሴ ተወልደው ያረጁ እናት አውሮፕላን ሲሳፈሩ፣ አየሩን በተመለከተ፣ ወደ ኮምቦልቻ ወርደው እንደ መቀመጥ ነው። በተቃራኒው ከዋሽንግተን የመጣው ልጃቸው የሚያለከልከው በአውሮፕላኑ ውስጥ ሳይሆን ደሴ ከገባ በኋላ የፒያሳን ዳገት ሲወጣ ነው።

ይህ ማለት ግን ሐኪም ማማከር አያስፈልግም ማለት አይደለም። ደሴ ላይ ተቀምጠው እንኳ ትንፋሽ የሚያጥራቸው፣ በቅርብ ጊዜ የልብ ሕመም የገጠማቸው፣ ቀዶ ሕክምና የተደረገላቸው ወይም የሳንባ ችግር ያለባቸው ሰዎች ትኬት ከመቁረጣቸው በፊት ሐኪማቸውን ጠይቀው የጽሑፍ ማስረጃ ቢይዙ ይጠቅማቸዋል። መድኃኒት በምንም ምክንያት በሚጫነው ሻንጣ ውስጥ አይገባም፤ በተለይ ኢንሱሊን በዕቃ ማስቀመጫው ቅዝቃዜ ሊበላሽ ስለሚችል ከሐኪም ወረቀት ጋር በእጅ ቦርሳ ይያዝ። የሚወሰደው መድኃኒት ስምና መጠን በእንግሊዝኛ ተጽፎ ፓስፖርቱ ውስጥ ቢቀመጥ መልካም ነው። ዊልቸር ደግሞ ትኬት ሲቆረጥ ይጠየቅ። ብዙ እናቶች «እኔ ምን ሆንኩና» ብለው ያፍራሉ፤ ነገር ግን በቦሌ ያለው እርምጃ ረጅም ነው፣ ዊልቸር የሚገፋውም ሠራተኛ ቋንቋ ለማያውቅ ሰው ሰልፉንና ፎርሙን የሚያሳልፍ መሪ ሆኖ ያገለግላል።

እግር የሚያብጠው ለምንድን ነው? አደጋስ አለው?

ለረጅም ሰዓት ቁጭ ሲባል ደም ከእግር ወደ ላይ የሚመለሰው በዝግታ ስለሚሆን እግር ያብጣል፤ ይህ በራሱ የተለመደ ነው። የሚያሰጋው በጥልቁ የደም ሥር ውስጥ ደም መርጋት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2007 (እ.ኤ.አ.) ይፋ ያደረገው ጥናት 4 ሰዓትና ከዚያ በላይ ሳይንቀሳቀሱ መጓዝ ይህን አደጋ በእጥፍ ገደማ እንደሚያሳድገው ሲያሳይ፣ በጤናማ ሰዎች ላይ ግን የሚከሰተው ከ6,000 መንገደኛ በአንዱ ያህል መሆኑን ገልጿል። ጥናቱ ልብ ሊባል የሚገባው ነገር የሚለው አለው፦ አደጋው የሚመጣው ካለመንቀሳቀስ እንጂ ከአውሮፕላኑ ስላልሆነ አውቶቡስና መኪናም ውስጥ አለ። ከዋሽንግተን አዲስ አበባ 13 ሰዓት ገደማ በቀጥታ በርሮ፣ በማግስቱ ደሴ ድረስ በመኪና የሚሄድ ሰው ሁለቱን ደርቦ እየተቀመጠ ነው።

በየሰዓቱ ገደማ ተነሥቶ መራመድ፣ ተቀምጠውም ቁርጭምጭሚትን ማዞርና ተረከዝን ማንሣት፣ ጠባብ ልብስ አለመልበስ በቂ ጥንቃቄ ነው። ከዚህ በፊት ደም ረግቶባቸው የሚያውቁ፣ ነፍሰ ጡሮች፣ በቅርቡ ቀዶ ሕክምና ያደረጉ ወይም ካንሰር ያለባቸው ሰዎች እስከ ጉልበት የሚደርሰውን ጠበቅ የሚል ካልሲ ስለመጠቀም ሐኪም ይጠይቁ። ሰምተው በራሳቸው አስፕሪን የሚውጡ አሉ፤ ለዚህ ጉዳይ የሚመከር አይደለም። ከእንቅልፍ ክኒንና ከአልኮልም ሰው ሳይንቀሳቀስ ለረጅም ጊዜ እንዲተኛ ስለሚያደርጉ መራቅ ይሻላል። አንዱ እግር ብቻ ካበጠና ካመመ፣ ወይም ከጉዞው በኋላ ድንገት ትንፋሽ ካጠረ ሳይዘገዩ ሐኪም ቤት መሄድ ያስፈልጋል።

የትኛውን መቀመጫ እንምረጥ?

ለመተኛት ለሚፈልግ የመስኮት ዳር፣ ደጋግሞ ለሚነሣ ደግሞ የመተላለፊያ ዳር ነው። በድሪምላይነርም ሆነ በኤርባስ 350 ኢኮኖሚ ክፍል ውስጥ መቀመጫው ሦስት ሦስት ሆኖ በሦስት ረድፍ የተደረደረ ስለሆነ፣ ሦስት ቤተሰብ አንድ ረድፍ ይበቃዋል፤ መካከለኛው ላይ ልጁን ማስቀመጥ የተለመደ ነው። የመጨረሻዎቹ ረድፎች ሽንት ቤቱ አጠገብ ስለሚሆኑ ሌሊቱን ሙሉ ሰው ይተላለፍባቸዋል። ሕፃን የያዘች እናት ከግድግዳው ፊት ያለውን መቀመጫ ከሕፃን አልጋ ጋር አስቀድማ ትጠይቅ። ከአዲስ አበባ ወደ ናይሮቢ ወይም ወደ ኪሊማንጃሮ ሲበሩ፣ ሰማዩ ከጠራ፣ የኬንያ ወይም የኪሊማንጃሮ ተራራ ብዙውን ጊዜ በግራ በኩል ስለሚታይ ግራውን መስኮት መምረጥ ተጨማሪ ገንዘብ ቢጠይቅ እንኳ አይቆጭም።

ጾመኛ ነን፤ ሌሎቻችን ደግሞ ሙስሊሞች ነን። ምግቡ እንዴት ይሆናል?

በአንድ የደሴ ቤተሰብ ውስጥ ሁለቱም ስላሉ ጥያቄው አብሮ ይመጣል። የጾም፣ የሙስሊም፣ የስኳር ሕመምተኛና የመሳሰሉት ምግቦች ቢያንስ ከ24 ሰዓት በፊት መታዘዝ አለባቸው፤ አውሮፕላኑ ውስጥ ሆኖ መጠየቅ ዘግይቷል። ለሁሉም ተሳፋሪ ስም ለየብቻ ይታዘዝ፤ የአንዱ ለሌላው አያገለግልም። ከቤት የሚያዝ ዳቦ ቆሎ ወይም ድርቆሽ ችግር የለውም፤ ወጥና እርጎ ግን ፈሳሽ ተብሎ በፍተሻ ላይ ይቀራል፤ በእጅ ቦርሳ የሚያዝ ፈሳሽ በየዕቃው ከ100 ሚሊ ሊትር መብለጥ የለበትምና። በረመዳን ለሚጓዙ፣ መንገደኛ ጾሙን ፈትቶ በሌላ ቀን እንዲያወጣው የተፈቀደ መሆኑ የታወቀ ነው፤ መጾሙን የሚመርጥ ግን በአየር ላይ የፀሐይ መግቢያ ከምድሩ ስለሚለይ ከመነሣቱ በፊት ኢማሙን ይጠይቅ።

ውሃ መጠጣት ከምግቡ ይልቅ ያስፈልጋል። የአውሮፕላን ውስጥ አየር እርጥበቱ በአብዛኛው ከ20 በመቶ በታች ስለሆነ ጉሮሮና ዓይን ይደርቃል። ጥምን ሳይጠብቁ ትንሽ ትንሽ መጠጣት፣ ዓይን ላይ የሚለጠፍ ሌንስ ለሚያደርጉ ደግሞ አውልቆ መነጽር ማድረግ ይረዳል። ሲወርዱ ጆሮ እንዳያም አዋቂ ማስቲካ ያኝክ፣ ሕፃን ጡት ወይም ጡጦ ይያዝ፤ ጉንፋን የያዘው ሰው የበለጠ ስለሚያመው አስቀድሞ የአፍንጫ መክፈቻ ይጠይቅ።

ወደ ሳፋሪ ምን ያህል ዕቃ መያዝ ይቻላል?

15 ኪሎ፣ የእጅ ቦርሳውንና ካሜራውን ጨምሮ። ወደ ማራና ወደ ሴሬንጌቲ የሚበሩት ትንንሽ አውሮፕላኖች፣ ለምሳሌ 12 ሰው ገደማ የምትይዘው ሴስና ካራቫን፣ ዕቃ የሚጭኑት ከሆዳቸው ሥር ባለ ጠባብ ቦታ ነው። ስለዚህ ሻንጣው ጎማና ጠንካራ ሽፋን የሌለው፣ የሚታጠፍ ለስላሳ ቦርሳ መሆን አለበት፤ ጠንካራ ሻንጣ ክብደቱ ቢያንስም ቦታው ላይ አይገባም። ቤት ውስጥ ሚዛን ከሌለ የሰፈር ሱቅ ሚዛን ይበቃል። የቀረውን ሻንጣ ደሴ ላይ ወይም አዲስ አበባ ዘመድ ቤት አስቀምጦ መሄድ ነው።

ስለ ይዘቱ ጥቂት ነገር፦ ኬንያ ከ2017፣ ታንዛኒያ ደግሞ ከ2019 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የፕላስቲክ ከረጢት ከልክለዋል፤ ስጦታ የተጠቀለለበት ፌስታል ቤት ይቅር። የስልክ ባትሪ መሙያ ፓወር ባንክ በእጅ ቦርሳ እንጂ በሚጫን ሻንጣ አይገባም። ድሮንና የሩቁን አቅርቦ የሚያሳይ መነጽር ለሳፋሪ ብለው ከአሜሪካ ይዘው የሚመጡ እንግዶች ቦሌ ጉምሩክ ላይ ጥያቄ ሊገጥማቸው ይችላል፤ መነጽሩን ሎጁ ወይም አስጎብኚው የሚያውስ ከሆነ አለመያዙ ይቀላል። ጫት በታንዛኒያ የተከለከለ ነው። ጥቁርና ደማቅ ሰማያዊ ልብስ ጼጼ የሚባለውን ተናካሽ ዝንብ ስለሚስብ የአቧራ ቀለም ያለው ይመረጣል።

ምን ዓይነት ወረቀት ያስፈልገናል?

እዚህ ላይ አንድ የስም መመሳሰል ብዙ ሰው ያሳስታል። ትውልደ ኢትዮጵያዊ የሆነ ሰው የሚይዘው መታወቂያም፣ የቢጫ ወባ ክትባት ማስረጃም በሰው አፍ «ቢጫ ካርድ» ይባላሉ። «ቢጫ ካርድ አለኝ» ብሎ መታወቂያውን ብቻ ይዞ የሚመጣ እንግዳ አይጠፋም። ኢትዮጵያ የቢጫ ወባ ሥጋት ካለባቸው አገሮች አንዷ ስለሆነች ታንዛኒያ ከእኛ የሚገባን መንገደኛ የክትባት ማስረጃ ትጠይቃለች። ክትባቱ የሚጸናው ከተወጋ ከ10 ቀን በኋላ ስለሆነ በመጨረሻው ሳምንት መወጋት አይረዳም፤ አንዴ ከተወጉ ግን ከ2016 (እ.ኤ.አ.) ወዲህ ማስረጃው ለዕድሜ ልክ ያገለግላል።

ሁለተኛው ወጥመድ የኢትዮጵያ ቪዛ ነው። የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ የሌለው፣ በአሜሪካ ፓስፖርት አንድ ጊዜ ብቻ በሚያስገባ ቪዛ የመጣ እንግዳ ወደ ኬንያ ሲወጣ ቪዛው ያልቃል፤ ከሳፋሪ ተመልሶ እንደገና ደሴ ለመግባት ካሰበ አዲስ ቪዛ ያስፈልገዋል። በቦሌ ትራንዚት ብቻ የሚያልፍ ከሆነ ግን አያስፈልገውም፤ ቤተሰብን አስቀድሞ መጠየቅ የሚጠቅምበት ሌላው ምክንያትም ይህ ነው። ኬንያ ከ2024 (እ.ኤ.አ.) መጀመሪያ ጀምሮ ቪዛን በኤሌክትሮኒክ የጉዞ ፈቃድ ተክታለች። ታንዛኒያ ለአሜሪካ ፓስፖርት 100 ዶላር ታስከፍላለች። የሚጠየቀው እንደ ፓስፖርቱ ስለሚለያይ፣ በአንድ ቤተሰብ ውስጥ የኢትዮጵያና የውጭ ፓስፖርት ካለ ለእያንዳንዱ ለብቻው ይጣራ። ፓስፖርቱ ቢያንስ 6 ወር የቀረው ይሁን።

ከሳፋሪ ስንመለስ በዚያው ቀን ወደ አሜሪካ መብረር እንችላለን?

ይቻላል፤ ከሳፋሪው በፊት ያለው አዳር ግን ከኋላም ቢኖር ይመረጣል። ከማራ ቀኑ ውስጥ ወደ ናይሮቢ የሚመለሰው ትንሽ በረራ ከሰዓት በኋላ ሊዘገይ ይችላል፤ ናይሮቢ አድሮ በማግስቱ ወደ አዲስ አበባ መብረርና ማታ የሚነሣውን የአሜሪካ በረራ መያዝ የተረጋጋ ነው። በቦሌ ያለው ቆይታ ከ8 ሰዓት የሚበልጥ ከሆነ የትኬቱ ዓይነት ሆቴል የሚያሰጥ መሆኑን ትኬት ሲቆረጥ ይጠየቅ።

ሲሄዱ የሚፈጀው ሰዓት ሲመጡ ከነበረው ይረዝማል። ቦሌ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስለሆነ አየሩ ስስ ነው፤ በነዳጅ የተሞላ ከባድ አውሮፕላን በስስ አየር ለመነሣት ስለሚቸገር አነስተኛ ነዳጅ ይዞ ተነሥቶ በመንገድ ላይ አርፎ ይሞላል። ከዋሽንግተን ሲመጣ ግን ከዝቅተኛ ቦታ ስለሚነሣ በቀጥታ ይደርሳል። በማረፊያው ላይ ተሳፋሪው ከአውሮፕላኑ ላይወርድ ስለሚችል ያን ጊዜ ለመራመድ ይጠቀሙበት።

ማራና ሴሬንጌቲ የወባ አካባቢዎች ናቸው፤ የደሴ ሰው «እኛ ወባ እናውቃለን» ቢልም ደጋ ላይ ያደገ ሰውነት የሚከላከለው ነገር የለም። በሐኪም የታዘዘው የመከላከያ ክኒን ከጉዞው ከተመለሱ በኋላም እንደ መድኃኒቱ ዓይነት ከ7 ቀን እስከ 4 ሳምንት ይቀጥላል። ቤት ከገቡ በኋላ በሚቀጥሉት ወራት ትኩሳት የያዘው ሰው፣ ደሴም ይሁን ዋሽንግተን፣ ለሐኪሙ ሳፋሪ ሄዶ እንደነበር ይንገረው።